ከአያት እስከ ሕፃን በአንድ መርከብ፦ በየወደቡ ምን እንደምናይ የመረጥኩበት መንገድ

የሜዲትራኒያን ክሩዝ ለቤተሰብ ሲታሰብ ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያየው መርከቡን ነው፤ ስንት ገንዳ አለው፣ ምግቡ እንዴት ነው፣ ክፍሉ መስኮት አለው ወይ። እኔ የጀመርኩት ከካርታው ነው። እናቴ የምትመጣው ከአዲስ አበባ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። የባለቤቴ አባት ሰማንያን ተሻግረዋል፣ በከዘራ ነው የሚሄዱት። ከእኛ ጋር ደግሞ ሁለት ጎረምሶችና ገና ጥሩ አድርጋ የማትራመድ ልጅ አለች። እንዲህ ዓይነት ቤተሰብ ይዞ ለሚወጣ ሰው ትልቁ ጥያቄ መርከቡ ከቆመበት እስከሚታየው ነገር ድረስ ስንት ኪሎ ሜትር ነው የሚለው ነው።

ስለዚህ በጣም የሚወራለትን የጣሊያን መስመር ተውኩት። መርከቡ “ሮም” ይላል እንጂ የሚቆመው ቺቪታቬኪያ ነው፤ ከዚያ ሮም ለመግባት 80 ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። “ፍሎረንስ” የሚለውም ሊቮርኖ ነው፤ እሱም 90 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። ጠዋት ወጥቶ ማታ ለመመለስ ግማሹ ቀን ባስ ውስጥ ያልቃል። ለወጣት ምንም አይደለም። ጉልበቱ ለታመመ ሰው ግን መቀመጡ ራሱ ድካም ነው፣ ሲወርድ እግሩ ተሳስሮ ነው የሚወርደው።

ሮምን አጥብቀው የፈለጉት የባለቤቴ አባት፣ ጋሼ፣ ነበሩ፤ አበበ ቢቂላ እ.ኤ.አ. በ1960 በባዶ እግሩ ሮጦ የጨረሰበትን የቆስጠንጢኖስ ቅስት በዓይናቸው ማየት ይመኙ ነበር። በዓመቱ፣ በ1961፣ አበበ የአቴንስንም ማራቶን ማሸነፉን ስነግራቸው ፊታቸው በራ። “እንግዲያውስ አቴንስ ይሁን” አሉ። መስመሩም በዚሁ ተወሰነ፦ ከአቴንስ ወደብ ከፒሬየስ ተነስቶ ሚኮኖስ፣ ቱርክ ላይ ኩሻዳሲ፣ ፍጥሞ፣ ቀርጤስ፣ ሳንቶሪኒ። ከኩሻዳሲ ኤፌሶን 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ቀርጤስ ላይ ከሄራክሊዮን ወደብ ክኖሶስ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበት የፍጥሞ ዋሻማ ከወደቡ በላይ ያለው ዳገት ላይ ነው።

ጊዜውን የወሰነልን ጾም ነው። የልጆቹ ትምህርት ከተዘጋ በኋላ የሐዋርያት ጾም እስከ ሐምሌ 5 ይሄዳል፣ ነሐሴ 1 ደግሞ ፍልሰታ ይገባል። እናቴ በጾም ጊዜ ሽርሽር የሚባል ነገር አትሰማም። በመሃል ያለችው ጊዜ ሐምሌ ናት፣ ሐምሌ ደግሞ ግሪክን እሳት የሚያደርግ ወር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ሐምሌ ላይ ሙቀቱ ስለበረታ አክሮፖሊስን እኩለ ቀን ላይ እስከ መዝጋት ደርሰው ነበር። ስለዚህ ለአዛውንቶቹ ከቀኑ ስድስት ሰዓት በኋላ ጥላ የሌለው ቦታ ላይ የሚያቆም ማንኛውም ጉብኝት ከዝርዝሬ ወጣ።

ቀጥሎ ያደረግኩት፣ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝም፣ እያንዳንዱን ሰው ለብቻው መጠየቅ ነው። ቤተሰብ ተሰብስቦ ሲጠየቅ የእኛ ትልልቅ ሰዎች የሚሉት ይታወቃል፦ “እኔ ምን ቸገረኝ፣ ልጆቹ ደስ ካላቸው ይበቃኛል።” ከልባቸው ነው የሚሉት። ግን በዚህ መልስ ጉብኝት አይመረጥም። እናቴን በስልክ ለብቻዋ ይዤ “እማዬ፣ ከእነዚህ ቦታዎች አንዱን ሳታዪ ብትመለሺ የሚቆጭሽ የቱ ነው?” አልኳት። አፍታም አልቆየች፦ “ኤፌሶን። እመቤታችን ወላዲተ አምላክ የተባለችበት አይደል!” ትልቁ ልጄ የክኖሶስን ቤተ መንግሥት ፈለገ፣ የሚኖታውሮስን፣ የግማሽ ሰው ግማሽ በሬውን፣ አፈ ታሪክ በጨዋታ ነው የሚያውቀው። የወንድሜ ልጅ ሳንቶሪኒ አለ። የጋሼ ታውቋል። ለእያንዳንዱ ወደብ እንዲህ ባለቤት ተገኘለት። ያ ቀን የባለቤቱ ነው፤ ሌላው የሚችል ይከተላል፣ የማይችል ያርፋል።

“ያርፋል” የሚለው ቃል ቤታችን ውስጥ ክርክር አስነስቷል። እኛ አንድ ላይ ወጥተን አንድ ላይ መግባት ነው የለመድነው፤ እናትን መርከብ ላይ ትቶ መውረድ እንደ ነውር ይታያል። እኔ ግን በዚህ ጠንክሬ ቆምኩ። ማታ እራት ላይ ሁላችንም አንድ ጠረጴዛ ከበን እንቀመጣለን፤ ቀኑን ሙሉ ሁሉም ሰው በደካማው እግር ፍጥነት እየሄደ፣ ደካማውም ሰዎችን አዘገየሁ ብሎ እየተሳቀቀ ከሚውል፣ ተለያይቶ ውሎ ማታ የየራስን ወሬ ይዞ መምጣት ይሻላል። እናቴ ራሷ በኋላ ይህን ለአክስቴ በስልክ ስታስረዳ ሰምቻታለሁ።

መርከቡ ኤክስከርሽን እያለ የሚሸጣቸውን ጉብኝቶች ሳነብ የድካም ደረጃቸውን ብቻ አላመንኩም። “ቀላል” የሚለው ምልክት ለጤነኛ ሰው ቀላል ማለት ሊሆን ይችላል። በኢሜይል የጠየቅኩት ይህን ነው፦ ከባሱ ወርዶ እስከ መግቢያው ምን ያህል ይራመዳል? ደረጃ አለ? ካለ መደገፊያ አለው? ሽንት ቤት መጀመሪያ የሚገኘው የት ነው? አስጎብኚው ሲያወራ ሰው ተቀምጦ ይሰማል ወይስ ቆሞ? የመጨረሻውን ማንም አያስበውም። ጉልበት የሚጎዳው ግን ከመሄዱ ይልቅ መቆሙ ነው።

ከዚያ የመርከቡን ጉብኝት እንግዛ ወይስ የራሳችንን መኪና እንከራይ የሚለው መጣ። የመርከቡ ዋጋ በነፍስ ወከፍ ነው፤ ቫን ከነአስጎብኚው ሲከራዩ ዋጋው የመኪናው ነው። ቤተሰቡ በበዛ ቁጥር ቫኑ ይረክሳል፣ በፈለጉበት ያቆማል፣ ሕፃን ሲያለቅስ አርባ ሰው ዞሮ አያይም። ግን መርከቡ በሸጠው ጉብኝት የወጣ ባስ ቢዘገይ መርከቡ ይጠብቃል፤ በራሱ የወጣ ሰው ከዘገየ መርከቡ ጥሎት ነው የሚሄደው። ስለዚህ ደንብ አወጣሁ፦ ቦታው ቅርብ ከሆነ ቫን፣ ሩቅ ከሆነ ወይም በትንሽ ጀልባ የሚወረድበት ከሆነ የመርከቡ ጉብኝት።

አቴንስን ከመሳፈራችን በፊት ነው ያየነው። አክሮፖሊስ በሰዓት በተከፈለ ቲኬት ስለሚገባ ጠዋት ሲከፈት ያለውን ያዝኩ። ለመራመድ ለሚቸገሩ በስተ ሰሜን ገደሉ ላይ ሊፍት አለ፤ ቀደም ብሎ ማሳወቅ ያስፈልጋል፣ ንፋስ ከበረታም ይቆማል። ጋሼ በሱ ወጡ። እናቴ ከታች ቀረች፤ የአርዮስፋጎስ አለት ሥር የቅዱስ ጳውሎስ ንግግር በግሪክኛ የተጻፈበትን የነሐስ ሰሌዳ በእጇ ዳስሳ ተሳለመች። አለቱ ራሱ እንደ መስታወት የለሰለሰ ስለሆነ ማንንም ሽማግሌ እንዲወጣ አልመክርም። ከዚያ የ1896ቱ ኦሊምፒክ የተካሄደበት የእብነ በረድ ስታዲየም ሄድን። ፊቱ ክፍት ስለሆነ ከመንገድ ላይ ቆሞም ሙሉው ይታያል። ጋሼ ከዘራቸውን ተደግፈው ለልጆቹ ስለ አበበ ያወሩትን አስጎብኚ በገንዘብ አይሰጠኝም።

ኤፌሶን ግን የጉዞው ልብ ነበር። ኩሻዳሲ ቱርክ ስለሆነች ከግሪክ ወጥቶ እንደገና መግባት አለ፤ ስለዚህ የእናቴን የሸንገን ቪዛ ብዙ ጊዜ የሚያስገባ እንዲሆን ነው ያመለከትነው። ለቱርክ መግቢያም የኢትዮጵያ ፓስፖርት ምን እንደሚያስፈልገው የመርከቡን ድርጅት በጽሑፍ ጠይቄ መልሱን አትሜ ይዤ ነበር። ቫኑን ስንከራይ ሦስት ነገር ለመንን። ከላይኛው በር ገብተን በታችኛው እንውጣ፤ ከተማው ቁልቁል ስለሚወርድ ዳገት የለውም፣ ሾፌሩ ዞሮ ታች ይጠብቃል። ምንጣፍ መሸጫ አናቁም፤ ብዙ ጉብኝት እዚያ ይቆማል፣ ጊዜ ይበላል። ሦስተኛው፣ የኤፌሶን ጉባኤ የተደረገባትን የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሳናይ አንወጣም። ይህን ካልጠየቁ ብዙዎች ያልፉታል፤ ከታችኛው በር አካባቢ ወደ ጎን ገባ ይላል፣ ፍርስራሹም እንደ ታዋቂው የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፎቶ አያምርም።

መጀመሪያ ባሶቹ ሳይደርሱ ወደ ተራራው ወጥተን የእመቤታችን ቤት የሚባለውን አየን። እናቴ ከምንጩ ጠጣች፣ ጸለየች፣ እመቤታችን ያረፈችው ግን ጌቴሴማኒ እንደሆነ ለልጆቹ ሳትነግር አልወረደችም። ከዚያ ወደ ከተማው። መንገዱ እብነ በረድ ነው፣ ስንት ዘመን ተረግጦ ያንሸራትታል። የጋሼን ከዘራ ጫፍ ላይ አዲስ ጎማ አስገጥመን ስለነበር ተማመንበት። የሕፃን ጋሪ እዚያ አይገፋም፤ ልጅቷን በአንቀልባ አዘልኳት፣ እንቅልፏን ለጠጠች። ጎረምሶቹ ከባለቤቴ ጋር ደረጃ ወደ በዛበት የሀብታሞቹ ቤቶች ወጡ፣ ቲኬቱ ለብቻው ነው። እኛ በዚያ ሰዓት የሴልሰስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ለፊት ጥላ ፈልገን ተቀመጥን።

የማርያም ቤተ ክርስቲያን ስንደርስ ሰው የለም። ረጅም ፍርስራሽ ነው፣ ምሰሶዎች፣ የመቅደሱ ግማሽ ክብ፣ በጎን ደግሞ ወደ ውስጥ በደረጃ የሚወረድበት ክብ ማጥመቂያ። እ.ኤ.አ. በ431 ቅዱስ ቄርሎስና ሁለት መቶው ሊቃውንት፣ እመቤታችን ወላዲተ አምላክ አትባልም ያለውን ንስጥሮስን ያወገዙት እዚህ ነው፤ ቤተ ክርስቲያናችን ከምትቀበላቸው ሦስት ጉባኤዎች ሦስተኛው። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ጫማዋን አወለቀች። ድንጋዩ ግን ያቃጥላል። የወንድሜ ልጅ ሳይነገረው የዋና ፎጣውን ከቦርሳው አውጥቶ ከእግሯ ሥር አነጠፈላት፤ አንድ ሁለት እርምጃ በሄደች ቁጥር እያነሳ ወደፊት ያነጥፋል። ፎጣው ላይ ቆማ የንስጥሮስን ክርክር ከመጀመሪያው ጀምራ ነገረችው። እሱም “ታዲያ ማን አሸነፈ?” እያለ ይጠይቃታል። አስጎብኚያችን ቆሞ አዳመጠ፤ ባለቤቴ ይተረጉምለት ነበር።

ፍጥሞ ላይ ያለው ጊዜ አጭር ነው፣ ስለዚህ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፦ እ.ኤ.አ. በ1088 የተመሠረተውን ገዳም ወይም ቅዱስ ዮሐንስ ራእዩን ያየበትን ዋሻ። ዋሻውን መረጥን። ወደ ታች የሚወርድ ደረጃ አለው፣ እናቴ በአንድ እጇ ግድግዳውን በአንድ እጇ እኔን ይዛ ቀስ ብላ ወረደች። ትከሻና ጉልበት መሸፈን ስለሚያስፈልግ ለጎረምሶቹ ረጅም ሱሪ መያዝ እንዳይረሳ።

ሄራክሊዮን ላይ ተለያየን። ልጆቹ በማለዳ ክኖሶስ ሄዱ። እኛ በታክሲ ከተማው ውስጥ ያለው የቅዱስ ቲቶ ቤተ ክርስቲያን ገባን፤ ከቬኒስ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመለሰው የራስ አፅሙ እዚያ ነው። ሚኮኖስ ላይ ምንም ጉብኝት አልገዛንም፤ ከወደቡ በጀልባ ከተማው ድረስ ይኬዳል፣ በነጫጮቹ ቤቶች መሃል መንሸራሸር ክፍያ የለውም።

ሳንቶሪኒ መርከብ ባሕር ላይ ነው የሚቆመው፤ በትንሽ ጀልባ ይወረዳል፣ ከዚያ ፊራ ያለችው ከ200 ሜትር በላይ ከፍ ብላ ገደል አፋፍ ላይ ነው። መውጫው ኬብል ካር፣ አህያ፣ ወይም ወደ 600 የሚጠጋ ደረጃ ነው። የመርከቡ ጉብኝት በሌላ ወደብ አውርዶ በባስ ያወጣል፣ መመለሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያው ኬብል ካር ነው፣ ሰልፉም ረጅም ነው። እዚህ አዛውንቶቹና ሕፃኗ ከእኔ ጋር መርከብ ላይ ቀሩ። ደሴቷ ራሷ የምታምረው ከታች፣ ከባሕሩ ላይ ስትታይ ነው፤ መርከቡም ባዶ ስለሆነ ከላይኛው ፎቅ ጥላ ያለውን ወንበር መርጠን ሻያችንን ጠጣን።

እህቴ አሁን ከአማቶቿ ጋር የጣሊያኑን መስመር ልትሄድ ነው። የነገርኳት፣ ኔፕልስ ላይ ቤተ መንግሥቱ ከወደቡ ፊት ለፊት ስለሆነ አዛውንቶቹ በእግር ደርሰው መመለስ ይችላሉ፤ ፖምፔ መግባት ከፈለጉም በአምፊቲያትሩ በኩል ገብተው ለመራመድ ለሚቸገሩ የተዘጋጀውን መንገድ ይያዙ። የቺቪታቬኪያ ቀን ግን ወጣቶቹ ብቻ ሮም ይሂዱ። ለዚያም በነፃ የሚሰረዝበት የመጨረሻ ቀን መቼ እንደሆነ አስቀድማ በጽሑፍ ትጠይቅ፤ አንዱ አዛውንት ያን ቀን ጠዋት “አልችልም” ቢል ማንም ስለ ገንዘቡ እንዳይጨነቅ።