ሐረና ጫካ፣ ወንዝ ዳር ማደር

ከአዲስ አበባ በሻሸመኔ አድርገን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘን ጎባ ስንገባ በቅድሚያ የሚሞላው ታንከሩ ነው። ከጎባ ወዲያ መንገዱ 4000 ሜትር ገደማ ከፍታ ወዳለው የሳነቴ አምባ ይወጣል፤ እዚያ ላይ ነዳጅም ገበያም የለም። የመግቢያ ክፍያውና የአስጎብኚው ጉዳይ ቀደም ብሎ ዲንሾ ላይ፣ በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት ያልቃል።

ሳነቴን ከቀትር በፊት ማለፍ ይሻላል። ከሰዓት በኋላ ደመናው የደቡቡን ቁልቁለት ይሸፍነዋል። መንገዱ ደግሞ አስታ በሚባለው ቁጥቋጦ መሀል እየተጠማዘዘ ነው የሚወርደው፤ ጭጋግ ከያዘው ሾፌር ቀጣዩን ኩርባ አያይም። ጥሩው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ነው። ያኔም ቢሆን ዝናብ አይጠፋምና ከድንኳኑ በላይ የሚወጠር ሸራ ያዙ።

የሪራን መንደር አልፎ ሐረና ጫካ ውስጥ ካለው የካቻ ማደሪያ ሲደረስ ከፍታው ወደ 2400 ሜትር ይወርዳል። ምንም አገልግሎት የለም ብላችሁ ተዘጋጁ። ቦታ መምረጥ ላይ ግን አትቸኩሉ፤ የሌሊቱ ሰላም የሚወሰነው እዚህ ነው። አብዛኛው ሰው ውሃው አፍ ላይ መትከል ይወዳል። እናንተ ያላችሁበት ቦታ ጠብታ ሳይወድቅ ላይኛው ተራራ ላይ የዘነበው ሙላት ሆኖ ሌሊት ሊደርስ ይችላል። በዚያ ላይ ቀዝቃዛው አየር ሸለቆውን ይዞ ወርዶ ወንዙ ዳር ይተኛል። ቁጥቋጦው ላይ የተጠመጠመ ደረቅ ሣርና ጭራሮ ካያችሁ ያለፈው ሙላት የደረሰበት ልክ ነው። ከእሱ ቢያንስ 2 ሜትር ከፍ፣ ከውሃው ደግሞ 60 ሜትር ራቅ በሉ።

ቀጥሎ ቀና ብላችሁ እዩ። ያረጀ ኮሶ ቅርንጫፉ የዛፍ ሽበትና ፈርን የሚባል ተክል ተሸክሞ ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፤ ነፋስ ባይኖርም ይገነጠላል። ትልልቅ ዛፎች ላይ የተሰቀለ የንብ ቀፎም አለ፤ ባለቤት ያለው ንብረት ነው፣ ከሥሩ አትስፈሩ፣ ጭስም አትልቀቁበት። አፈሩ የበሰበሰ ቅጠል ስለሆነ አጭር ካስማ አይዝም፤ 30 ሳንቲ ሜትር የሚሆነውን ወደ ውጭ አዘንብላችሁ ትከሉ፣ ገመዱ ላይ ድንጋይ ጫኑ። ሌሊት ብርዱን ፈርታችሁ የድንኳኑን መተንፈሻ ብትዘጉ ትንፋሻችሁ ጣሪያው ላይ ጤዛ ሆኖ ጠዋት ብርድ ልብሱን ያርሰዋል።

የወደቀው እንጨት ሁሉ ሽበት ለብሶ ርጥብ ስለሆነ በእሳት ብቻ አትመኩ፤ የቆመ ዛፍ መቁረጥማ ጭራሽ አይታሰብም። ትንሽ ቡታጋዝ ይበቃል። የጋዙን ጣሳ ሌሊት መኪና ውስጥ ከተዋችሁት በብርዱ ግፊቱ ይወርድና ጠዋት ነበልባሉ ይደክማል፤ ልብስ ውስጥ ጠቅልሉት።

በዚህ ከፍታ ውሃ 92 ዲግሪ ላይ ስለሚፈላ ድፍን ምስር ለመብሰል ረጅም ጊዜ ይወስዳል። ሽሮ፣ በሶና ክክ ያዙ፤ ክኩንም ቀድማችሁ ዘፍዝፉት። ለመጠጥና ለማብሰያ በሰው በቀን 4 ሊትር አስቡ። ውሃው ኩልል ብሎ ቢታይም ከላይ ከብት ይጠጣበታል፤ በነጠላ አጥልሉና ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይንተክተክ።

ምግብ ድንኳን ውስጥ አይደር። ሐረና ውስጥ ጅብም ከርከሮም አንበሳም አለ፤ ቆሎም ሳሙናም መኪና ውስጥ ይቆለፍ። ለመጸዳጃ ከውሃውና ከድንኳኑ 60 ሜትር ርቃችሁ 20 ሳንቲ ሜትር ቆፍሩና መልሳችሁ ድፈኑ። ወደ ጥሻው ስትገቡ ሳማውን አስተውሉ፤ ቁምጣ ለሐረና አይሆንም።

እሳት ከነደደ ረመጡ ላይ ውሃ አፍስሱ፣ አማስሉ፣ እንደገና አፍስሱ፤ በእጅ ሲነካ የማይሞቅ እስኪሆን። ድንኳኑ ርጥብ ሆኖ መጠቅለሉ አይቀርም፤ ቤት እንደደረሳችሁ ዘርጉት፣ ተጠቅልሎ ከሰነበተ ይሻግታል።