ሎኮሞቲቩ ካለፈ በኋላ

ባቡር ፎቶ የሚያነሳ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚጠብቀው ከፊት ሆኖ የሚጎትተውን ሎኮሞቲቩን ነው። ብቅ ሲል ያነጣጥራል፣ ያነሳል፣ እንዳለፈ ካሜራውን ያወርዳል። ለመንገደኛ ባቡር ምንም አይደል። የባሕርን ጠርዝ ይዞ ለሚሄድ የጭነት ባቡር ግን ትልቅ ኪሳራ ነው ባይ ነኝ። ሎኮሞቲቭ ዞሮ ዞሮ የትም ያው ነው፤ ርዝመትን ግን እንደ ባሕር ዳርቻ የሚያሳይ ቦታ የለም። ዛፍ አይጋርደው፣ ግንብ አይቆርጠው፤ ከኋላው ውሃና ሰማይ ብቻ።

የደቡብ አፍሪካውን የሲሸን–ሳልዳኛ መስመር አስቡት። 861 ኪሎ ሜትር ርዝመት አለው፤ የብረት ማዕድን ወደ ወደብ የሚወርድበት ነው፣ ደቡባዊ ክፍሉም የአትላንቲክን ዳርቻ ተከትሎ ይሄዳል። አንዱ ባቡር ከ300 በላይ ፉርጎ ይጎትታል፤ ርዝመቱ ወደ 4 ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ይህን ሁሉ ትቶ የፊቱን መብራት ብቻ አንስቶ መሄድ ምን ይሉታል?

ቦታ ስመርጥ ሐዲዱ ታጥፎ ወሽመጡን የሚዞርበትን፣ ትንሽ ከፍ ያለውን እፈልጋለሁ። ከዚያ ሆኖ ሩቁን በሚያቀርብ የ200 ሚሊ ሜትር ሌንስ ሲታይ ፉርጎዎቹ ተጠጋግተው፣ ተደራርበው ይመጣሉ። ባሕሩ በስተምዕራብ ከሆነ ጠዋት ፀሐይ ከጀርባዬ ናት፤ የኮንቴይነሮቹ ቀለም ፍንትው ይላል። ከሰዓት በኋላ ፀሐይዋ ወደ ባሕሩ ስትዞር ፉርጎው ጥቁር ጥላ ብቻ ይሆናል። ለድንጋይ ከሰልና ለማዕድን ይሄኛውን እመርጣለሁ፤ ቀለማቸው ድሮም አቧራ ነው።

ከሁሉ የምወደው ግን ክፍተቱን ነው። በሁለት ኮንቴይነሮች መሃል ቀጭን መስኮት ትከፈታለች፣ የማዕበሉ አረፋ ብልጭ ይላል፣ ወዲያው ትዘጋለች። ሹተሩን፣ ማለትም ብርሃን የሚያስገባውን የካሜራ መዝጊያ፣ 1/1000 ሰከንድ ላይ አድርጎ ያቺን ቅጽበት ማስቀረት ይቻላል። ካሜራውን ትራይፖድ ላይ አቁሜ ወደ 1/15 ሳወርደው ደግሞ ፉርጎዎቹ የተሳበ ቀለም ይሆኑና ባሕሩ በውስጣቸው አልፎ ይታያል። ስለዚህ መሃል መሃሉ ባዶ ፉርጎ የተቀላቀለበት ባቡር ጢም ብሎ ከተጫነው ይበልጥብኛል። ነጋዴው ይሄን ባይሰማ ይሻላል።

የጭነት ባቡር ሰዓት ብዙውን ጊዜ ለሕዝብ አይለጠፍም። ነፋሱና ማዕበሉ ድምፁን ስለሚውጡትም ሳይሰማ ከች ይላል። የተጫነ ባቡር ፍሬን ይዞ እስኪቆም ከ1 ኪሎ ሜትር በላይ ሊሄድ ይችላል፤ ከአጥሩ ወዲህ መቆም ነው፣ ክርክር የለውም።

ሌላው ጣጣ ጨው ነው። ከማዕበሉ የሚረጨው ውሃ ሌንሱ ላይ ሲደርቅ ነጫጭ ነጠብጣብ ይሆናል፤ ፀሐይ ከፊት ስትሆን ፎቶውን ጉም ያለብሰዋል። በደረቅ ጨርቅ ከታሸ ደግሞ የጨዉ ቅንጣት መስታወቱን ይጭረዋል። መጀመሪያ በመንፊያ፣ ቀጥሎ እርጥብ ባለ ለስላሳ ጨርቅ። እኔ ሁለት ጨርቅ ነው የምይዘው፤ አንዱ ለሌንሱ፣ ሌላው ለመነጽሬ።