ምን ላንብብ ሲሉኝ

ክረምት ሲገባ የሰፈር ልጆች ምን እናንብብ እያሉ ይመጡብኛል። ትምህርት የለም፣ ባሕር ዳር ደግሞ ዝናቡ አንዴ ከያዘ ከቤት መውጣት አይታሰብም። ጥያቄው ቀላል ይመስላል። እኔ ግን ትልቅ አደራ ነው የሚመስለኝ። አንዲት የ16 ዓመት ልጅ መጽሐፍ ስጪኝ ብላ መጥታ የማይሆናትን ከሰጠኋት፣ ሁለተኛ እኔ ጋ ላትመጣ ትችላለች። ከዚያም አልፎ ሁለተኛ መጽሐፍ ላታነሳ ትችላለች።

ትልልቅ ሰዎች ለወጣት መጽሐፍ ሲመርጡ የሚጠቅም ነገር ይሁን ይላሉ። የስኬት መንገድ፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የታላላቅ ሰዎች ሕይወት። መጥፎ አይደሉም። ግን ልጅቷ የጠየቀችው ታሪክ እንጂ ምክር አይደለም። የፍቅር ታሪክ ነው የምፈልገው ካለች ፊታቸውን ያኮሳትራሉ። አስማት ያለበት ካለችማ ጭራሽ ጊዜ ማባከን ነው ይሏታል። ይሄ ከልቤ ያበሳጨኛል።

እዚሁ ማዶ ዘጌ አለ አይደል? በአማርኛ የመጀመሪያው ልብ ወለድ የሚባለውን የጻፈው የዘጌው ሰው አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ነው። መጽሐፉ በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ታተመ፣ ኋላ ጦቢያ በሚል ስም ነው የታወቀው። (አፈወርቅ በኋላ ለጣሊያን ስለማደሩ ብዙ የሚባል አለ፣ እሱን ሌላ ቀን።) ታሪኩን እዩት እስኪ። ዋኅድና ጦቢያ መንትዮች ናቸው። አባታቸው በጦርነት ተማርኮ አንድ ደግ ነጋዴ ገንዘብ ከፍሎ ያስለቅቀዋል። ዋኅድ ውለታውን ለመመለስ ያን ሰው ፍለጋ ሲወጣ የባሪያ ነጋዴዎች እጅ ይወድቃል። ጦቢያ እንደ ወንድ ለብሳ ወንድሟን ፍለጋ ትወጣለች፣ በመንገድ ከንጉሥ ቤት የሆነች ልጅ ወንድ መስላት በፍቅሯ ትወድቃለች። ወጣቶች፣ ፍቅር፣ ጉዞ፣ የተደበቀ ማንነት። ዛሬ ዓለም ላይ ለወጣቶች ተብሎ የሚጻፈው እኮ ይሄው ነው! የእኛ ልብ ወለድ የጀመረው በዚህ ከሆነ፣ አንዲት ልጅ የፍቅር መጽሐፍ ቦርሳዋ ውስጥ ደብቃ የምትዞርበት ምክንያት አይታየኝም።

አስማቱም ቢሆን እንግዳ አይደለም። ዘጌ ኡራ ኪዳነ ምሕረት ገብቶ ግድግዳውን ያየ ልጅ በላዔ ሰብን ያውቀዋል። ዘንዶውን የሚወጋውን ቅዱስ ጊዮርጊስንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ በየቤተ ክርስቲያኑ አይቷል። ያ እምነት ነው፣ ከልብ ወለድ ጋር አልቀላቅለውም። ግን የእኛ ልጆች ዓይን ያደገው ከሚታየው ዓለም በላይ የሆነ ነገር እያየ ነው ለማለት ነው። በአማርኛ ለወጣቶች የተጻፈ፣ ጣና ላይ ወይም ደሴቶቹ ላይ የሚያጠነጥን ረጅም የምናብ ታሪክ እንዴት እንደሚያምረኝ! ጽሑፍ የሚሞክር ልጅ ሳገኝ ይሄንን ሳልነግረው አላልፍም።

ወደ ምርጫው ልመለስ። መጀመሪያ የምጠይቃት እንቅልፍ ያሳጣሽ ታሪክ የትኛው ነው ብዬ ነው። መጽሐፍ መሆን የለበትም። ቃና ላይ ያየችው ተከታታይ ድራማ ሊሆን ይችላል፣ አያቷ የነገረቻት ተረት ሊሆን ይችላል። ከዚያ ምኑን ነው የወደድሽው እላለሁ። አንዷ ሁለቱ እስኪገናኙ መጠበቁን ትላለች፣ አንዷ አደጋውን፣ አንዷ ከእናቷ ጋር የተጣላችውን። መልሷ መንገዱን ያሳየኛል።

ቋንቋው ሌላ ጣጣ ነው። የዛሬዎቹ የወጣት ልብ ወለዶች በብዛት በእንግሊዝኛ ናቸው፣ ትርጉም እንደ ልብ አይገኝም። ስለዚህ በእንግሊዝኛ መጀመር ለምትፈልግ ልጅ የምናብ ዓለም ያለበትን አላስቀድምም። እዚያ ውስጥ ደራሲው ራሱ የፈጠራቸው የአገር፣ የነገድ፣ የኃይል ስሞች ይደረደራሉ፣ ልጅቷ የማታውቀው እንግሊዝኛ ይሁን የፈጠራ ቃል መለየት ያቅታትና ትተወዋለች። የዘመኑን ሕይወት የሚተርኩት ይቀላሉ። ባለታሪኳ ራሷ ትናገራለች፣ ንግግር ይበዛል። የጆን ግሪንን ዘ ፎልት ኢን አወር ስታርስ ለብዙ ልጆች የሰጠሁት ለዚህ ነው። ካንሰር የያዛቸው ሁለት ወጣቶች ፍቅር ነው፣ ያሳዝናል፣ ግን ልጆቹ ቁም ነገረኞችና ተጫዋቾች ናቸው፣ እንዲሁ እንዲታዘንላቸው አልተጻፉም።

ከዚያ ወደ ሱዛን ኮሊንስ ዘ ሀንገር ጌምስ ነው። የ2008 እ.ኤ.አ. መጽሐፍ ነው፣ እስካሁን አላረጀም። ዓለሙ የተፈጠረ ነው፣ አረፍተ ነገሩ ግን አጭርና ግልጽ። የአክስቴ ልጅ፣ ባለታሪኳ ካትኒስ በታናሽ እህቷ ፈንታ ወጣቶች እርስ በርስ ለሚገዳደሉበት የሞት ጨዋታ ራሷን የምትሰጥበት ቦታ ስትደርስ እኔ ቤት እየሮጠች መጣች። «እታለም፣ ለእህቷ ብላ እኮ ነው!» አለችኝ ገና ከበር። አስማት የሚፈልጉት ደግሞ የቶሚ አዴዬሚን ችልድረን ኦፍ ብለድ ኤንድ ቦን ይቀጥላሉ። ደራሲዋ ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደች አሜሪካዊት ናት፣ አስማቱም የዮሩባን ባህል መሠረት ያደረገ ነው። ጥቁር ልጅ ኃይል ይዛ ስትነሳ ማንበብ ለእነዚህ ልጆች ምን ማለት እንደሆነ ፊታቸው ላይ አይቻለሁ።

መጽሐፉ የሚገኝበት መንገድ ያው ነው። ቴሌግራም ላይ፣ ዳታ ተቋርጦ በከረመበት ጊዜ ደግሞ ከስልክ ስልክ ነበር የምንቀባበለው። የወረቀቱን ግን እመርጣለሁ፣ ስልክ ላይ ሁሉም ነገር ይጠራሻል።

ፍቅር እስከ መቃብርንስ? የምትሉኝ ታውቁኛላችሁ፣ ጎጃሜ ሆኜ እንዴት እተወዋለሁ! ግን በመጀመሪያ አልሰጥም፣ ውፍረቱ ያስደነግጣል። ስሰጥም በዛብህ ሰብለ ወንጌልን ሊያስተምር ከሚገባበት ቦታ ጀምሪ፣ የቦጋለንና የውድነሽን ታሪክ ኋላ ትመለሺበታለሽ እላለሁ። ይሄ ምክሬ የማይዋጥላቸው መምህራን አሉ። እኔ ግን ሰብለን የወደደች ልጅ ወደ ኋላ ተመልሳ የበዛብህን ወላጆች ስታነብ አይቻለሁ፣ ከገጽ አንድ ጀምራ የተወችውንም አይቻለሁ።

ጦቢያን ከአክስቴ ልጅ ጋር ጮክ ብለን እያነበብን ነው የጨረስነው፣ አማርኛው የድሮ ስለሆነ ለጆሮ ይሻላል። መጨረሻው አናደዳት። ንጉሡ ሃይማኖቱን ለውጦ ጦቢያን ያገባታል። «ያን ሁሉ መንገድ እንደ ወንድ ለብሳ የሄደች ልጅ መጨረሻዋ ማግባት ብቻ ነው?» አለችኝ። እኔ ደግሞ ለእሷ ሲል የተለወጠው እሱ ነው እኮ፣ እሷ አልተለወጠችም አልኳት። አልተቀበለችኝም። ቅዳሜ ጓደኞቿን ይዛ እንደምትመጣና እነሱም አንብበው እንደሚፈርዱ ነግራኛለች፣ ያለኝ ግን አንድ ቅጂ ብቻ ስለሆነ እስከዚያ ሌላ ማፈላለግ አለብኝ።