ማስኬ ላይ የቀረው ደም

ዛሬ ጠዋት አንዲት እናት በኦፕሬሽን ስናዋልድ ማህፀኑ ሲከፈት ደምና የእንሽርት ውሃ ፊቴ ላይ ተረጨ። መነጽሬና ማስኬ ያዙልኝ። ሕፃኑ ወዲያው አለቀሰ። እናቱም ደህና ናት፣ ተመስገን።

ስንወጣ ለልምምድ የመጣች ተማሪ "ሲስተር፣ ማስክ የምናደርገው ለታካሚዋ ነው ወይስ ለራሳችን?" አለችኝ። ጥያቄዋ ቀኑን ሙሉ አልለቀቀኝም።

ሲጀመር ለታካሚ ነበር። በ1897 እ.ኤ.አ. ሚኩሊች የተባለ ቀዶ ሐኪም በብሬስላው ከተማ (የዛሬዋ ቭሮትስዋፍ፣ ፖላንድ) አፉን ጎዝ በሚባለው ስስ ጨርቅ ሸፍኖ መሥራት ጀመረ። እዚያው የነበረው የጀርም ተመራማሪ ፍሉገ ስናወራ ከአፋችን የሚወጣው ጠብታ ጀርም እንደሚይዝ አሳይቶ ነበር።

በ1991 እ.ኤ.አ. የታተመ የስዊድን ጥናት ግን ያስገርማል። ከ3,000 በላይ ታካሚዎች ታዩ። የቀዶ ሕክምና ቡድኑ ማስክ ሲያደርግ 4.7 በመቶው፣ ሳያደርግ ደግሞ 3.5 በመቶው ቁስሉ አመረቀዘ። ልዩነቱ በስታትስቲክስ ሚዛን የሚደፋ አልነበረም። ይህን ለተማሪዋ አልደበቅኳትም። አንድ ጥናት ግን ማስኬን አያስወልቀኝም። የተከፈተ ሆድ ላይ ጎንበስ ብዬ ማስነጠስ ወይም ማሳል አልፈልግም። የዛሬው ደም ደግሞ አፌ ውስጥ ሊገባ ይችል ነበር።

እኔን የሚያሳስበኝ አጠቃቀማችን ነው። አገጭ ሥር አውርደን ሻይ እንጠጣለን፣ ያንኑ መልሰን እናደርጋለን። አፍንጫ ውጭ ይቀራል። የረጠበው አይቀየርም።

ነገ ተማሪዋ ከእኔ ጋር ትገባለች። መጀመሪያ የአፍንጫውን ሽቦ እንዴት እንደምትጫነው አሳያታለሁ።