በስታዲየም በር ላይ እጅን መዘርጋት

ስታዲየም በር ላይ መፈተሽን እቃወማለሁ ብል እውነት አይሆንም። የምቃወመው ሰልፍ የያዘ ሰው ሁሉ ለሚደረግበት ነገር ሁሉ አስቀድሞ እሺ እንዳለ የሚቆጥረውን አስተሳሰብ ነው። ሰሞኑን ይህ ጉዳይ ከሐሳቤ አልወጣ ያለው በአሜሪካ፣ በፍሎሪዳዋ ታምፓ ከተማ ስለተካሄደ አንድ የቆየ የፍርድ ቤት ክርክር ካነበብኩ ወዲህ ነው።

እ.ኤ.አ. በ2005 የአሜሪካ ፉትቦል ሊግ (NFL)፣ ጨዋታ ለማየት የሚገባ ተመልካች ሁሉ ከወገቡ በላይ በእጅ እየተዳበሰ እንዲፈተሽ ወሰነ። የታምፓውን ስታዲየም የሚያስተዳድረው የመንግሥት ተቋም ስለሆነ በበሩ ላይ የሚደረገው ሁሉ በሕገ መንግሥቱ ይዳኛል። የውድድር ዓመቱን ትኬት አስቀድሞ የገዛ አንድ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሲቪክስ መምህር፣ በምንም ሳልጠረጠር ልዳበስ አይገባም ብሎ ከሰሰ። በመጀመሪያ ረታ፤ ፍተሻው እንዲቆም ታዘዘ። ጉዳዩ የቀረበለት የፌዴራል ዳኛም በ2006 ያንን እግድ አጸና፤ ምክንያቱም በዚያ ስታዲየም ላይ ተለይቶ የታወቀ ስጋት አለመኖሩና በጥቅሉ ሽብር አለ ማለት ብቻውን የማይበቃ መሆኑ ነበር። ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ግን በ2007 ውሳኔውን ሻረው። መምህሩ እንደሚፈተሽ እያወቀ መጥቶ ስለተፈተሸ ፈቅዷል አለ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2009 ጉዳዩን አላይም ብሎ መዝገቡ በዚሁ ተዘጋ።

እኔን የከነከነኝ መምህሩ መረታቱ አይደለም። ፍተሻው ተገቢ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ዋናው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ፣ ፈቅዷል በሚል አንድ ምክንያት ብቻ መታለፉ ነው። ገንዘቡን ከከፈለና በር ላይ ከደረሰ በኋላ፣ ከኋላው ያለው ሰልፍ እየገፋው፣ ካልፈለግህ ተመለስ የተባለ ሰው በእርግጥ ፈቅዷል ይባላል? በእኔ እምነት አይባልም። ይህ ሰው የቀረበለትን ብቸኛ መንገድ ተቀበለ እንጂ በነፃ ምርጫው እሺ አላለም።

አደጋውን አቅልዬ የማይ እንዳይመስልብኝ እፈራለሁ። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 11 ቀን 2010 ስፔንና ኔዘርላንድስ ለዓለም ዋንጫ ፍጻሜ ሲጫወቱ፣ ካምፓላ ውስጥ ጨዋታውን በቴሌቪዥን ለማየት በተሰበሰቡ ሰዎች ላይ ቦምብ ፈንድቶ ከ70 በላይ ሰዎች አልቀዋል፤ ከተመቱት ሁለት ስፍራዎች አንዱ የሐበሻ ምግብ ቤት ነበር። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2015 ደግሞ ፈረንሳይና ጀርመን ፓሪስ ላይ ሲጫወቱ ሦስት አጥፍቶ ጠፊዎች ራሳቸውን ያፈነዱት ከስታዲየሙ ውጭ ነው። ከእነርሱ ሌላ የሞተው አንድ ሰው ነበር። በአሥር ሺዎች በሚቆጠረው ሕዝብ መካከል ፈንድተው ቢሆን ምን ይከተል እንደነበር ማሰብ እንኳ ይከብዳል። ስለዚህ መፈተሽ ይኑር፤ እኔም እጄን ዘርግቼ እቆማለሁ።

የእኛ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 26 የሰውን አካል፣ ቤትና ንብረት ከመመርመር ይጠብቃል። መብቱ የሚገደበውም አስገዳጅ ሁኔታ ሲኖርና ለይቶ በወጣ ሕግ መሠረት ብቻ ነው። ይህን አንቀጽ ትምህርት ቤት ሳለን ለፈተና ሸምድደነዋል፤ በር ላይ ስንደርስ ግን የሚያስታውሰው ያለ አይመስልም። ለመሆኑ ምን እየተፈለገ እንደሆነ የሚናገር ማስታወቂያ በየትኛው በር ላይ ተለጥፏል? አንዱ በር ላይ በቀበቶ የሚገባ ሰው በሌላው በር ቀበቶህን አውልቅ ይባላል። ሽቶ፣ ላይተር፣ በሀይላንድ የተያዘ ውኃ አንድ ካርቶን ውስጥ ይጣላል፤ ስትወጪ ትወስጃለሽ ይባላል፤ ስንወጣ ግን ካርቶኑም ፈታሿም በቦታቸው አይገኙም።

አንድ ቀን ያየሁት ግን ከዚህ ሁሉ ይከብዳል። የሴቶች ሰልፍ ላይ ከፊቴ የነበሩት ነጠላ የለበሱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ እናት የልጅ ልጃቸው ሲጫወት ለማየት የመጡ ነበሩ። ፈታሿ ወገባቸውን ስትዳብስ የተቋጠረ ነገር እጇን ነካትና «እማማ፣ መቀነትዎን ይፍቱልኝ» አለቻቸው። መጋረጃ አልነበረም፤ ከጎናችን ያለው የወንዶች ሰልፍ ያያል። እናት ፊታቸውን ወደ ግንቡ አዙረው በሚንቀጠቀጡ ጣቶች ፈቱት፤ የተገኘውም አንድ የታጠፈ መቶ ብርና የደም ግፊት ክኒን ነበር። ፈታሿ አልጮኸችም፣ አላመናጨቀችም፤ እንዲያውም «ይቅርታ እናቴ» ብላቸዋለች። ጥፋቱም የእርሷ አይደለም። አንዲት ወጣት ሥራዋን በአግባቡ እየሠራች የአንዲትን እናት ገመና አደባባይ ላይ እንድታወጣ ያደረጋት፣ አንድ ድንኳን መትከል ያልታሰበበት አሠራር ነው። በዚያ ሰዓት እኚያን እናት ፈቅደዋል ማለት የሚችል ካለ ፊታቸውን አላየም።

ሌላም የሚያሳስበኝ ነገር አለ። እ.ኤ.አ. ጥር 2022 ካሜሩን ውስጥ በኦሌምቤ ስታዲየም መግቢያ ላይ በር ተዘግቶ በተፈጠረ ግፊያ ስምንት ሰዎች ሞተዋል። ከዚያ አሥራ አንድ ቀን ቀደም ብሎ ብሔራዊ ቡድናችን ከካሜሩን ጋር የተጫወተው እዚያው ሜዳ ላይ ስለነበር ዜናው እንደ ሩቅ አገር ወሬ አልሆነብኝም። ተመልካችን ከአደጋ የሚጠብቅ በር አያያዙን ካላወቁበት ራሱ አደጋ ይሆናል። ጨዋታው ሊጀመር ሩብ ሰዓት ሲቀረው ሁለት ፈታሾች ብቻ ለሺዎች ሲቆሙ ፍተሻውም ፍተሻ አይሆንም፤ ፊት ያለው ይዳበሳል፣ ኋላ ያለው ሲገፋ ሳይነካ ያልፋል።

ለሚመለከታቸው ሰዎች በጽሑፍ የማቀርበውን ጥያቄ እያዘጋጀሁ ነው። ሴቶች የሚፈተሹበት የተከለለ ስፍራ ይኑር፣ የተከለከሉ ዕቃዎች ዝርዝር ትኬት ሲሸጥ አብሮ ይነገር፣ ለተያዘ ዕቃ ቁጥር ይሰጥ፣ መፈተሽ ያልፈለገ ሰው የትኬቱ ዋጋ ይመለስለት የሚሉትን እስካሁን ጽፌአለሁ። የመጨረሻው ተቀባይነት እንደማያገኝ ጓደኞቼ ነግረውኛል፤ እኔ ግን ከሁሉ አስቀድሜ አንደኛ ተራ ላይ ያሰፈርኩት እርሱን ነው። ገንዘቡን ተቀብሎ መመለስ የሚችል ሰው ብቻ ነው ፈቅዶ ገባ ሊባል የሚችለው።