ፍላሼ ጉድ ሠራኝ

ዛሬ ጠዋት አሳይመንት ፕሪንት ላስደርግ ጎንደር ፒያሳ ወጣሁ። ፍላሹ ሲሰካ ፋይሎቼ ሁሉ ሾርትከት ሆነዋል! የፕሪንት ቤቱ ልጅ ሳቀና «አይዞሽ እህቴ፣ አልጠፉም፤ ቫይረሱ ደብቋቸው ነው» አለኝ። እኔ ግን እንባዬ መጥቶ ነበር።

ደግነቱ አሳይመንቱን ማታ መብራት ሳይሄድ ቴሌግራሜ ላይ ሴቭድ ሜሴጅስ ውስጥ ጥየው ነበር። በነፃ እስከ 2 ጊጋ የሚደርስ ፋይል ይቀበላል፤ ፍላሽ ምን ያደርጋል? ከስልኬ ላክሁለት። ሲከፍተው ደግሞ የአማርኛው ፊደል አራት ማዕዘን ብቻ! የኔ ፎንት እሱ ኮምፒውተር ላይ የለማ። ፒዲኤፍ ባደርገው ኖሮ ፎንቱን ይዞ ይሄድልኝ ነበር።

ፍሬሾች፣ ሰምታችኋል አይደል? እኔ ሦስተኛ ዓመት ደርሼ ነው የገባኝ 😅

ለማንኛውም እንደምንም ፕሪንት አስደርጌ፣ ከፋሲል ግንብ አጥር ሥር ቁጭ ብዬ በስቴፕለር መታሁትና፣ ሊዘጋ 10 ደቂቃ ሲቀረው አስረከብሁ።