ቢግ በርድ ውስጥ ያለው ሰው
ዛሬ ልጄ ሰሳሚ ስትሪት የሚባለውን የአሜሪካ የልጆች የቲቪ ፕሮግራም እያየች ድንገት «እማዬ፣ ቢግ በርድ ውስጥ ያለው ሰውዬ አይደክመውም?» አለችኝ። ቢግ በርድ ሰው ውስጡ ገብቶ የሚያንቀሳቅሰው ትልቅ ቢጫ የወፍ አሻንጉሊት ነው። አብረን ፈልገን አየን። ለካ ሰውዬው ቀኝ እጁን ከጭንቅላቱ በላይ ዘርግቶ ነው የወፉን ምንቃር የሚከፍተው፣ በትንሿ ጣቱ ደግሞ የወፉን የዓይን ቆብ ያንቀሳቅሳል። ውጪው ስለማይታየው ደረቱ ላይ ትንሽዬ ቲቪ ትታሰርለታለች።

ለረጅም ዓመታት ቢግ በርድ ውስጥ የነበረው ካሮል ስፒኒ ይህን ሥራ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1969 ነው። በ2015 ሰውነቱ ሚዛኑን መጠበቅ ሲያቅተው ድምፁን ብቻ ይሰጥ ጀመር፣ ውስጥ የሚገባው ደግሞ ለዓመታት ከሥሩ ሲማር የቆየው ማት ቮገል ሆነ። ስፒኒ በ2018 በ84 ዓመቱ ጡረታ ሲወጣ የወፉን ድምፅም ለቮገል አስረከበው። አንድ ወፍ፣ ሁለት ሰው፣ ያውም ለሦስት ዓመት! በጣም ነው የነካኝ። እኛ ጋ ስንቱ ባለሙያ ነው ሙያውን ይዞት የሚሄደው።

ልጄ አሁንም እጇን ወደ ላይ ዘርግታ እየሞከረች ነው፤ ሁለት ደቂቃ እንኳ አልሞላላትም።